ካር ሲቱን ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁ ላይ ሞክሩት

ጥያቄው፦ «ሰላም እህቴ። ከባለቤቴ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። የመጀመሪያ ልጃችንን ዲሴምበር ውስጥ እንጠብቃለን። ካር ሲት፣ ማለትም ሕፃን መኪና ውስጥ የሚታሰርበትን ወንበር፣ ልንገዛ ነው። ባለቤቴ የምትነዳው የ2011 ኮሮላ ነው፤ እኔ በ2018 ካምሪ ኡበር እሠራለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ‹ከ500 ዶላር በታች ያለውን እንዳታየው› ይለኛል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ልጁ ያደገበትን በነፃ ውሰድ ብሎኛል። ቤዝ የሚባለው ከሥሩ የሚቀመጥ መደላድል ግዴታ ነው? ለሁለቱም መኪና መግዛት አለብኝ? የሚታሰረው ላች በሚባሉት የመኪናው ብረቶች ነው በቀበቶ? አማቴ አራስ ሊያርሱ ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው። እሳቸው ደግሞ ‹አራስ ልጅ እንዴት በገመድ ይታሰራል፣ እኔ አቅፈዋለሁ› ብለዋል። ግራ ገብቶናል።»

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ባለቤትህን በሽልም ያውጣት።

ሥራዬ የልጆች ካር ሲት በትክክል መታሰሩን ማየትና ለወላጆች ማሳየት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉልበቴን የሰው መኪና ወንበር ላይ ጭኜ ቀበቶ ስጎትት ነው የምውለው። ስለዚህ የምነግርህ አብዛኛው ነገር በጉልበቴና በጣቴ የተማርኩት ነው።

ከጥያቄዎችህ የአማትህን አስቀድማለሁ። እሳቸው ካልተስማሙ የቀረው ምክር ሁሉ ውሃ ይበላዋል።

ጆርጂያ አቬኑ ላይ በ30 ማይል፣ ማለትም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ነው እንበል። ከፊትህ ካለው መኪና ጋር ተጋጨህና በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቆምክ። መኪናው ቆመ እንጂ ውስጡ ያለው ሰው ገና በ48 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። 3.5 ኪሎ የሚመዝን አራስ በዚያች ቅጽበት እቅፍ ላይ የሚያርፈው 48 ኪሎ አካባቢ ሆኖ ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በለው። አማትህን እንዲህ ብለህ ጠይቃቸው፦ «እማማ፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከእጅዎ ተፈትልኮ ቢወረወር ይዘው ያስቀሩታል?» እኔ ይህን የጠየቅኳቸው እናቶች ሁሉ መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ክርክር ከመግጠም ይሄ ይሻላል፤ ጤፍ የተሸከመ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል።

ለምን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንደሚቀመጥም ንገራቸው። የአራስ ልጅ ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህል ነው። እኛ ላይ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። አንገቱ ገና አልጠነከረም፣ አጥንቱም ገና ለጋ ነው። ወደ ፊት ቢዞርና መኪናው በድንገት ቢቆም ያ ከባድ ጭንቅላት አንገቱን ይዞት ይሄዳል። ወደ ኋላ ሲዞር ግን ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን የካር ሲቱ ገበታ፣ ማለትም ጠንካራው የጀርባ መደገፊያው፣ በአንድ ላይ ይቀበላቸዋል። ሐሳቡ የመጣው ከስዊድን ነው። በርቲል አልድማን የሚባሉ ፕሮፌሰር ጄሚኒ በሚባለው የአሜሪካ የጠፈር ፕሮግራም ጠፈርተኞች ጀርባቸውን ሰጥተው የሚቀመጡበትን ወንበር አይተው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለልጅ ሞከሩት። ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሕግ ነው። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ የካር ሲቱን የክብደት ወይም የቁመት ወሰን ካላለፈ በቀር፣ ፊቱ ወደ ኋላ መሆን አለበት። ድልድዩን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ብትሄዱም ከ2019 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ግን ዕድሜውን ትቶታል። ከ2018 ወዲህ ምክራቸው ወንበሩ እስከፈቀደ ድረስ ወደ ኋላ ይዙር የሚል ነው።

ወደ 500 ዶላሩ እንሂድ።

አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ ሱቅ የሚሸጥ ካር ሲት ሁሉ አንድ የፌዴራል መስፈርት ማሟላት አለበት፤ ቁጥሩ 213 ነው። የ100 ዶላሩም የ500ውም በዚያው 30 ማይል አካባቢ በሚደረግ የግጭት ፈተና ያልፋሉ። ታዲያ 400 ዶላሩ ምን ይገዛል? ቀለል ያለ ክብደት፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከጋሪው ጋር የሚገጥም ቅርጽ፣ አንዳንዴ ደግሞ ለማሰር የሚቀል ቤዝ። ከነዚህ ሁሉ እኔ ዋጋ የምሰጠው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው የማሰሩ ቅለት ነው። ሁለተኛው አንዳንድ ቤዝ ላይ ያለው፣ እስከ መኪናው ወለል የሚወርደው እግር። ያ እግር በግጭት ጊዜ ወንበሩ ወደ ፊት እንዳይዘነብል ይደግፋል። ግን ከወለሉ ሥር ባዶ የዕቃ ማስቀመጫ ካለ አይሆንም፤ የመኪናውም መመሪያ መጽሐፍ መፍቀድ አለበት። ገንዘቡ ካለህ ጥሩ ነው። ከሌለህ እንቅልፍ አትጣ። በደንብ የታሰረ የ120 ዶላር ካር ሲት፣ ላልቶ ከተቀመጠ የ500 ዶላር ካር ሲት ይበልጣል። ሳይ የኖርኩት ይሄንን ነው።

ስም ስጪኝ ካልከኝ፣ መካከለኛ ዋጋ ላይ ቺኮ ኪይፊት 30ን ወይም ግራኮ ስናግራይድ 35ን ጀምረህ እይ። የመጀመሪያው ከ4 እስከ 30 ፓውንድ፣ ሁለተኛው ከ4 እስከ 35 ፓውንድ ይይዛሉ። ቁጥሩ ግን አያታልህ። ብዙ ልጅ ካር ሲቱን የሚያልፈው በክብደት ሳይሆን በቁመት ነው። ጭንቅላቱ ከገበታው ጫፍ በታች 1 ኢንች እንኳ ካልቀረው ጊዜው አብቅቷል ማለት ነው። ረዘም ያለ ልጅ ዓመት ሳይሞላው እዚያ ሊደርስ ይችላል። ያኔ ኮንቨርቲብል የሚባለውን ትልቁን ትገዛላችሁ። እሱም ወደ ኋላ ዞሮ ይቀጥላል።

«ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ኮንቨርቲብል አልገዛም?» ትል ይሆናል። ይቻላል። ብዙዎቹ ከ4 ወይም ከ5 ፓውንድ ጀምረው ይይዛሉ፤ በድምሩም ይረክሳል። የሚያሳጣህ ነገር አንድ ነው፦ ልጁ እንደተኛ ከመኪናው አውጥተህ መሄድ አትችልም። በዲሴምበር ብርድ ልጁን እየፈታህ ማሰር ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ካር ሲቱ ብቻውን 8 እስከ 10 ፓውንድ ይመዝናል፣ ልጁ ሲጨመር ባለቤትህ ልትሸከመው ነው። በቀዶ ጥገና ከወለደች ሐኪሞች ከልጇ ክብደት በላይ እንዳታነሳ ነው የሚነግሯት። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ተሸካሚው አንተ ነህ።

አሁን ቤዙ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ቤዝ መኪናው ወንበር ላይ አንዴ ታስሮ የሚቀር መደላድል ነው። ካር ሲቱን ላዩ ላይ ስታስቀምጠው ቀጭ ብሎ ይይዛል። ስትወርድ ማስለቀቂያውን ጨብጠህ ታነሳዋለህ። ግዴታ አይደለም፤ የምቾት ዕቃ ነው። አብዛኛው የአራስ ካር ሲት ያለ ቤዝም በመኪናው ቀበቶ ብቻ ይታሰራል፣ እኩልም ይጠብቃል። የማይፈቀድላቸው ጥቂት ሞዴሎች ስላሉ ከመክፈልህ በፊት መጽሐፉን ገልጠህ እይ። ላንተ ይሄ ወሳኝ ነው።

ወሳኝ የሆነው ኡበር ስለምትሠራ ነው። ሻጩ «ሁለት መኪና፣ ሁለት ቤዝ» ይልሃል። ቤዙ ካምሪው ላይ ከዋለ ግን ከሦስቱ የኋላ መቀመጫ አንዱ ተያዘ። ሦስት ተሳፋሪ ሲመጣ ምን ልትል ነው? ጠዋት እያወለቅክ ማታ ልታስር ነው? በሁለት ሳምንት ይሰለችሃል። የተሰላቸ ሰው ያሰረው ቤዝ ደግሞ ይላላል። እኔ ብሆን አንድ ካር ሲት ከአንድ ቤዝ ጋር ገዝቼ ቤዙን ኮሮላው ላይ አስሬ እተወዋለሁ። ካምሪው ላይ ልጁ የሚሳፈረው አልፎ አልፎ ስለሆነ ያለ ቤዝ በቀበቶ አስረዋለሁ። ለብቻው የሚሸጥ ቤዝ 100 ዶላር አካባቢ ነው። ያን ዳይፐር ግዛበት።

ያለ ቤዝ አስተሳሰሩን አንዴ ከተማርከው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካር ሲቱን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ አዙረህ አስቀምጥ። ጎንና ጎኑ ላይ መተላለፊያ አለ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ምልክት አለበት። የቀበቶውን የጭን ክፍል በሁለቱም አሳልፈህ ቆልፈው። ከዚያ የትከሻውን ቀበቶ እስኪያልቅ ድረስ ቀስ ብለህ ምዘዘው። አልቆ ቆም ሲል ልቀቀው፤ ትር ትር ትር እያለ ይመለሳል። ያ ድምፅ ከተሰማ ቀበቶው ተቆልፏል፣ ከእንግዲህ አይላላም። አሁን ካር ሲቱን በአንድ እጅ ወደ ታች ተጭነህ በሌላው ቀበቶውን ሳብ። አለቀ። አሜሪካ ለገበያ የቀረቡ መኪኖች ከ1996 ሞዴል ወዲህ ቀበቶአቸው ካር ሲት ለማሰር የሚቆለፍበት መላ አለው። የቶዮታው እንዲህ ነው። አንዳንድ ካር ሲት ደግሞ የትከሻው ቀበቶ በጀርባው ዞሮ እንዲታሰር ይፈቅዳል፣ አውሮፓውያን የሚያስሩት እንዲያ ነው። መጽሐፍህ ካሳየህ ብቻ አድርገው።

ላች ወይስ ቀበቶ? ሁለቱም እኩል ናቸው። ላች ማለት የወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ ከሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ የተደበቁት የብረት ቀለበቶች ናቸው። ከሴፕቴምበር 2002 ወዲህ የተሠሩ መኪኖች ላይ አሉ። ብዙ ሰው ጣቱን ከቶ ሲያገኛቸው «ለካ ይሄ ነው!» ይላል፤ አሥር ዓመት የነዳው መኪና ላይ። ቤዙን በላች ማሰር ይቀልሃል። ግን እንዳንተ ባሉ መኪኖች ላይ ቀለበቶቹ የሚገኙት ለግራና ለቀኝ መቀመጫ ነው፣ መሀሉ ላይ ብዙውን ጊዜ የለም። ከአንዱ የግራ፣ ከሌላው የቀኝ ተውሶ መሀል ላይ ማሰር ደግሞ የመኪናው መጽሐፍ ካልፈቀደ አይሆንም። ስለዚህ መሀል ካልክ በቀበቶ ነው።

መሀል ይሻላል የሚባለው ከሁለቱም በር ስለሚርቅ ነው። እውነት ነው። ግን መሀል ላይ የሚንገዳገድ ቤዝ ጎን ላይ ከጸና ቤዝ አይሻልም። ሁለቱንም ሞክር፤ የጸናበት ቦታ የልጅህ ቦታ ነው። ጎን ከሆነ ከፊት ተሳፋሪው ወንበር በስተኋላ ይሁን። መንገድ ዳር ቆመህ ልጁን ስታወጣ መኪና አይነካህም። የፊት ወንበር ግን በፍጹም። ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው ካር ሲቱን ነው፣ ከጀርባው ደግሞ የልጁ ጭንቅላት አለ።

አንድ የእኛ ሰው ጠባይ ልንገርህ። ላቹንም ቀበቶውንም ደርቦ ያስራል። «ይጠንክር ብዬ ነው» ይላል። ፍቅሩ ይገባኛል፣ ግን ቤዞቹ የተፈተኑት በአንዱ ነው። መጽሐፉ ይቻላል ካላለ አትደርብ።

መጽናቱን እንዴት ታውቃለህ? ላቹ ወይም ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ በግራ እጅህ ያዝ፤ ግራኝ ከሆንክ በቀኝ። የለመድከውን እጅ አትጠቀም፣ ጉልበት ይበዛበታል። ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ነቅንቀው። ከ1 ኢንች በላይ ካልሄደ ጸንቷል። ከላይ ጫፉን ይዞ የሚወዘውዝና «ይነቃነቃል!» ብሎ ላብ የሚያጠምቀው አባት ብዙ ነው። ጫፉ ይነቃነቃል፣ ችግር የለውም። የታሰረበት ቦታ ነው ቁም ነገሩ።

ቀጥሎ ጋደል ማለቱ። አራስ ልጅ አንገቱን አያዝዝም። ካር ሲቱ ቀጥ ካለ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ለዚህ ነው ቤዙ ጎን ላይ የውሃ ልክ ወይም መስመር ያለው። ግንበኛ ሲጠቀምበት አይተህ ከሆነ ያው ነው፤ አረፋዋ ከምልክቱ ውስጥ መሆን አለባት። የቺኮው ቤዝ ሥር ማስተካከያ እግር አለ፣ በሱ ታስተካክላለህ። ሌሎች ላይ ዓይነቱ ይለያያል። ይህን የምታደርገው ግን መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። አንድ ጊዜ አባት «አልስተካከል አለኝ» ብሎ ጠራኝ። ስደርስ መኪናውን ያቆመው የፓርኪንጉ ጋራዥ ዳገት ላይ ነበር። ወደ ሜዳው አምጥተነው በሁለት ደቂቃ ጨረስን።

ታዲያ ርዕሱ ላይ ያልኩት ለዚህ ነው። የወንበር ቁልቁለት ከመኪና መኪና ይለያያል። የላቹ ጥልቀት ይለያያል። ከፊቱ ያለው ወንበር ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሄድ ይለያያል። ጓደኛህ ሃይላንደር ላይ የሚያሞግሰው ካር ሲት ኮሮላህ ውስጥ ሲገባ የፊት ተሳፋሪውን ጉልበት ዳሽቦርዱ ላይ ሊያጣብቀው ይችላል። አንዳንድ ሱቅ የማሳያውን አውጥተህ መኪናህ ላይ እንድትሞክር ይፈቅዳል፣ ጠይቅ። ካልፈቀዱ መመለስ የሚቻልበት ሱቅ ግዛ፣ ደረሰኙን ያዝ፣ ካርቶኑን አትቅደድ። ቤዙን ኮሮላው ላይ፣ ካር ሲቱን ደግሞ ያለ ቤዝ ካምሪው ላይ እሰር። ባለቤትህም ራሷ ትሰር። አንተ ብቻ ጡንቻህን አሳይተህ የምታስረው ዕቃ ለእሷ ካልሆነላት አልተሳካም። ሁለታችሁንም ከተመቻችሁ ያ ነው።

የአጎትህ ልጅ የሰጠህን አልጣልኩትም። የቤተሰብ ዕቃ ከማናውቀው ሰው ዕቃ ይሻላል፣ ታሪኩን ጠይቀን ልናውቅ እንችላለን። ግን ይሉኝታ ይቅርና በግልጽ ጠይቀው። መጋጨት ገጥሞታል? ጊዜው አላለፈም? ፕላስቲክ ይደክማል፣ ስለዚህ የአገልግሎት ማብቂያው ሥሩ ወይም ጀርባው ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ብዙውን ጊዜ ከተሠራበት ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው። ሪኮል፣ ማለትም ጉድለት ሲገኝ አምራቹ የሚያወጣው ጥሪ፣ ወጥቶበታል? ሞዴሉንና የተሠራበትን ቀን ይዘህ አምራቹን ጠይቅ። መጽሐፉ አለ? የጎደለ ክፍልስ?

አንድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፣ ለእኛ ቤት የሚሆን። ማሰሪያው በምን ታጠበ? ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ማሰሪያ ያለው ካር ሲት አመጣችልኝ። ጥቁር መሆን የነበረበት ነው። በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋው ነበር፣ «ለልጅ ንጹሕ ይሁን ብዬ» አለችኝ። በረኪናና ማጠቢያ ማሽን የማሰሪያውን ክር ያደክሙታል። ጨርቁን ብዙ ጊዜ ማሽን ውስጥ መክተት ይቻላል፣ ማሰሪያውን ግን በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ጠረግ ነው። የሷን ካር ሲት ጣልነው። ከፌስቡክ ገበያ ከማታውቀው ሰው ደግሞ በ20 ዶላርም አትግዛ።

ልጁን ስለ ማሰር ላምጣ። የልጅህ የመጀመሪያ ክረምት ነው፣ ብርዱም አማትህም አሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሳሳተው።

ወደ ኋላ በዞረ ካር ሲት ማሰሪያው የሚወጣበት ቀዳዳ ከልጁ ትከሻ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። የደረቱ ክሊፕ ከብብቱ ትይዩ። አጥብቀህ ሳብና ትከሻው ጋ ማሰሪያውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ለመቆንጠጥ ሞክር። ጣቶችህ ጨርቅ ከያዙ ላልቷል፣ ከተንሸራተቱ ልክ ነው። አራስን «አሳመምኩት» ብሎ የሚያላላ አባት እንዳትሆን።

አሁን የሚቸግረው ልብሱ ነው። ወፍራም ጃኬት አልብሶ ማሰር አይሆንም። ጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር ነው። ሲጋጭ ይጨመቅና ማሰሪያው ከልጁ ርቆ ይቀራል። ቤት ውስጥ ሞክረው። ጃኬቱን አልብሰህ አጥብቀህ እሰር፣ ማሰሪያውን ሳትነካ ልጁን አውጣና ጃኬቱን አውልቀህ መልሰው። የሚቀረውን ክፍተት በዓይንህ ታየዋለህ።

በፎጣ ወይም በነጠላ ጥቅልል አድርጎ ማስቀመጥም አይሆንም፣ አንዱ ማሰሪያ በሁለቱ እግሮቹ መካከል ማለፍ ስላለበት። አማትህ የጠቀለሉትን ስትፈታባቸው ቅር እንዳይላቸው ሥራ ስጣቸው። ልጁ ስስ ልብስ ለብሶ ይታሰር፣ ከዚያ ጋቢውን እሳቸው ከላይ ያልብሱት። ከማሰሪያው በላይ፣ እስከ ደረቱ፣ ፊቱን ሳይሸፍኑ። ጋቢ ለዚህ የተሠራ ይመስል እንዴት እንደሚሆን ታያለህ። ሲሞቀው ያነሱለታል። ለክርስትናው ቀንም እንዲሁ ነው። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ነጩን ልብስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፓርኪንግ ላይ ትጠቀልሉታላችሁ። አንዲት አያት መኪና ውስጥ ፈትቼባቸው «ዛሬ እንኳን ተይው ልጄ» ብለውኛል። አልተውኩም። ሲወርዱ መልሼ ጠቀለልኩላቸውና ታረቅን።

ከካር ሲቱ ጋር ያልመጣ ዕቃ አትጨምር። ለአንገት የሚሸጠው ትራስ፣ ወፍራሙ መደረቢያ፣ ከጀርባው የሚገባው ለስላሳ ነገር፣ ሁሉም ይቅር። ልጁ ከመንገድ በኋላ ቤት ከገባ ደግሞ እንቅልፉ አልጋው ላይ፣ በጀርባው፣ ደልዳላ ቦታ ይሁን። «ተኝቷል፣ አትንኩት» ተብሎ ሳሎን ካር ሲቱ ውስጥ ሰዓታት እንዲያድር አትተዉት፤ አገጭ ደረት ላይ መውደቁ ቤት ውስጥም አይቀርም። ጠረጴዛ ወይም ሶፋ ላይ ካር ሲቱን ማስቀመጥም አትልመዱ፣ ይገለበጣል። ልጁ ከ37 ሳምንት በፊት ከተወለደ ሆስፒታሉ ከመውጣታችሁ በፊት ካር ሲቱ ላይ አስቀምጦ ትንፋሹን ሊከታተል ይችላል። ስለዚህ ካር ሲቱ ቀደም ብሎ ዝግጁ ይሁን። እኔ 36ኛው ሳምንት ሳይገባ ታስሮ ይለቅ እላለሁ። ሆስፒታል በር ላይ፣ በብርድ፣ እንቅልፍ ያጣ አባት መጽሐፍ ሲገልጥ ማየት ያሳዝነኛል። በአሻንጉሊት ተለማመዱ።

ካሰርክ በኋላ የሠለጠነ ሰው ያይልህ፣ ብዙ ቦታ በነፃ ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያ ዝም ብለህ አትሂድ። ሁሉም ጣቢያ ላይ የሠለጠነ ሰው የለም፤ ደውለህ ቀጠሮ ያዝ። የካር ሲቱንም የመኪናውንም መጽሐፍ ይዘህ ና። እኛ አናስርልህም፣ አንተ ስታስር እናያለን። ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣውን የምዝገባ ካርድ ሞልተህ ላክ፣ ሪኮል ቢወጣ የሚያገኙህ በሱ ነው። ለመግዛት አቅም ካጠረ ደግሞ የካውንቲውን ጤና ቢሮና የወሊድ ሆስፒታላችሁን ጠይቁ፤ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ።

ወደ አዲስ አበባ ልጁን ይዛችሁ መሄዳችሁ አይቀርም። ካር ሲቱ ላይ ለአውሮፕላንም እንደሚሆን በቀይ ፊደል የተጻፈ ምልክት ፈልግ። ለልጁ ትኬት ከገዛችሁለት መስኮት ጋ ታስሮ ይበራል፤ ቤዙ ቤት ይቀራል። እዚያ የምትሳፈሩበት ቪትዝ ወይም አሮጌ ኮሮላ ላች ላይኖረው፣ ቀበቶውም እንደ አሜሪካው ላይቆለፍ ይችላል። ያለ ቤዝ ማሰር ካምሪው ላይ የለመድከው ያን ጊዜም ይጠቅምሃል። መጽሐፉን ሻንጣ ውስጥ ክተት፣ የማይቆለፍ ቀበቶ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ ይነግርሃል።

አማትህን ግን ከኋላ፣ ከልጁ ጎን አስቀምጣቸው፤ ቀበቶአቸውን አስረው። ወደ ኋላ የዞረ ልጅ ከፊት ሆኖ አይታይም፣ እሳቸው ያዩልሃል። ሲያለቅስ እጃቸውን ይሰጡታል፣ ጋቢውን ያስተካክሉለታል። «ርቦታል፣ ፈትቼ ለእናቱ ልስጣት» ካሉ አንተ መኪናውን ዳር ታቆማለህ።